ደም የሰጠ አይበርም

በዚያ በክፉ ቀን ወድ ኤል ሒለውን አልፈን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንገባ፣ የአውሮፕላን ሰዎች በሚያርፉበት ግቢ ልብስ አጣቢ ሆንኩ። አውሮፕላኑ ለረሃቡ ሐኪምና መድኃኒት ያመላልሳል፤ ሠራተኞቹ አንድ ሁለት ቀን ያርፉና ይሄዳሉ። ማረፍ ከተባለ! ከበር መውጣት ክልክል፣ የገበያ ምግብ መቅመስ ክልክል፣ እንግዳ ማስገባት ክልክል። ኩባንያው የሾመው ሙዲር፣ አለቃቸው፣ እንደ ክፉ አማት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማን ምን እንደበላ ይጠብቃል። ዘበኛው ደግሞ «መምኑዕ!» ብሎ ከመከልከል በቀር ሌላ ቃል የተፈጠረለት አይመስልም። እኔማ «እረፍታቸውም ጌታ አለው እንዴ? ከነዚህስ እኛ ስደተኞቹ እንሻላለን» እል ነበር።

ከነሱ አንዷ፣ የአውሮፕላኑ አስተናጋጅ፣ አማርኛ ስለማታውቅ እንደኔው በተሰባበረ አረብኛ ታወራኛለች። ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ ቆማ አጥሩን አሻግራ መንገዱን ታያለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቴ ሆስፒታል ወለደች። ልጁ ደህና ነው፤ የሷ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ «ደም የሚሰጣት ሰው አምጡ» አለ። ክንዴን ዘረጋሁለት። የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየና «አንቺ ራስሽ መች ደም አለሽ?» ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ነው፤ ረሃቡ ማንን ተወና! ያገሬን ሰዎች ብለምን፣ ከፊሉ ከኔ የባሰ ገርጥቷል፣ ከፊሉ «የወጣ ደም አይተካም» ብሎ አንገቱን ደፋ። አልፈረድኩባቸውም። ደም በኛ አገር ሲፈስ አይቻለሁ፣ ሲመለስ ሰምቻለሁ፣ በሽማግሌ ሲደርቅም አይቻለሁ፤ ሲሰጥ ግን አይቼ አላውቅም።

የሚነጠፍላት ጨርቅ ፍለጋ ወደ ግቢው ሮጥኩ። አስተናጋጇ ሳለቅስ አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ጫማዋን አጠለቀች። ሙዲሩ ብድግ አለ።

«ደም የሰጠ አይበርም! ነገ በረራ አለሽ።»

«አውቃለሁ። ነገ አልበርም።»

«ከዚህ በር ከወጣሽ ሥራ የለሽም!»

ዘበኛው የለመደውን ሊል አፉን ከፍቶ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። በሩን ራሷ ከፈተችው። እመቤቴን! የማታውቃት ሴት እኮ ናት እህቴ።

ደሟ ተመረመረ፤ ለእህቴ ይሆናል ተባለ። ጠርሙሱ ሞልቶ ከእህቴ ራስ በላይ ተሰቀለ። አመድ መስሎ የነበረው ከንፈሯ ቀስ እያለ ነፍስ ዘራ። ተአምር ሲነበብ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ሲሆን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወደ ማታ ያገራችን ሴቶች የአራስ ገንፎ ይዘው ገቡ። ለእህቴ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ዞር ሲሉ ሌላ የገረጣች ሴት፣ አስተናጋጇ፣ አግዳሚ ላይ ጋደም ብላለች፤ እሷም የወለደች መስሏቸው «አንቺንም እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው አጎረሷት። እኔም ምን ብዬ ላርማቸው?

ስትውጥ ሙዲሩ በር ላይ ደረሰ። ገንፎውን አየ፣ እሷን አየ። «መታወቂያሽን» አለ። ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው። «ዕቃሽ የግቢው በር ላይ ይቀመጥልሻል» ብሏት ሄደ።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። «ዛሬ የት አድራለሁ?» አለችኝ። እኔ የማድረው እዚያው ግቢ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ እንግዳ ማስገባት ደግሞ ክልክል።

ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችው እህቴ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። «ነይ፣ እዚህ» አለቻት፣ ባማርኛ።