ጉልበቱ የወጣ ውሃ

አጎቴን የከሰሱት ውሃ ሰርቋል ብለው አልነበረም። ውሃው በቦይ ገብቶ፣ መዘውሩን ገፍቶ፣ መልሶ ወደ ታችኛው ማሳ እንደሚወርድ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ክሱ ሌላ ነበር። ከእሱ የመብራት ማሽን የሚወጣው ውሃ ጉልበቱ የተወሰደበት ነው አሉ። ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ጨምረው እንደሚያወጡት ቅራሪ ማለት ነው፤ መልኩ ይመስላል፣ ውስጡ ግን የለም። እንዲህ ያለ ውሃ ሽንኩርት አያሳድግም።

ክሱን ያመጣችው ከማሽኑ በታች በመስኖ ሽንኩርት የምታለማ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባለፈው በጋ ሽንኩርቷ ከአውራ ጣት ሳይበልጥ ቀርቶባት፣ ቡሬ ገበያ ድረስ ወስዳው የሚገዛት አጥታ ተመልሳለች። ሦስት ልጆች አሏት። ስለዚህ ስትናገር ጨዋታ አልነበረም፤ ብትቀልድም ቀልዷ ይናከሳል።

ጉዳዩ የቀረበው ለውሃ አባቱ ነው። በእኛ አካባቢ ወንዙ በበጋ ሲቀጥን ውሃውን በየተራ የሚያካፍሉ፣ ገበሬው ራሱ የመረጣቸው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። ሰዓት የላቸውም። የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው ለክተው «ተራህ አልቋል» ካሉ አልቋል። እሳቸው ዝጉት ያሉትን ቦይ ደፍሮ የከፈተ ሰው አላየሁም። አጎቴ ይህን ያውቃል። ቦዩ ከተዘጋ የአስራ አንድ ዓመት ሥራው ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። አንድ ቀን የመምህሩን ራዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም ተገኘና፣ መምህሩ ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ ቡሬ ገበያ ዳር ሸራ ወጥሮ ራዲዮ ሲጠግን ኖረ። ከወፍጮ ቤት የተጣለ የተቃጠለ ሞተር ገዝቶ ሽቦውን በእጁ እንደገና ጠመጠመ፣ የጭነት መኪና ቸርኬ ላይ ቆርቆሮ በይዶ መዘውር አደረገው፣ ከወንዙ ቦይ አወረደ። ትልቁ የመብራት መስመር በግዙፍ ምሰሶዎች ላይ ተዘርግቶ በራሳችን ላይ ያልፋል፤ ለእኛ ግን ወርዶልን አያውቅም። አስራ ሁለት ቤት ያበራው የአጎቴ ቸርኬ ነው።

አመሉ አስቸጋሪ ነው። ኮረንቲ ያለበትን ነገር ሲነካ ግራ እጁን ከኋላ ቀበቶው ውስጥ ይሸጉጣል። በአንድ እጅ የገባ ኮረንቲ ጣት ያቃጥላል፣ በሁለት እጅ የገባ ግን ልብን አቋርጦ ያልፋል ይላል። እያደር ልማድ ሆነበትና ለቅሶ ቤትም ግራ እጁን ሸሽጎ ይቀመጣል። የማሽኑን ጤና ለማወቅ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ አስደግፎ እጀታውን በጥርሱ ይነክስና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ድምፁ የሚገባው በአጥንቱ በኩል ነው። ሠርግ የሚጠራው የለም፣ ድምፅ ማጉያ ካየ ሳይፈታ አይመለስምና። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ያልለካውን ነገር አለመናገሩ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ባጃጅ መንዳቱን ትቼ፣ ግጥም እጽፋለሁ ብዬ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩበት ወቅት ነበር። ለክሱ ቀን አጎቴ የሚናገረውን ቃል በቃል አዘጋጅቼለት ነበር። አልተጠቀመበትም። ሽማግሌው ፊት ቆሞ፣ ከውሃው የወሰደው አወራረዱን እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ተነሳች።

«አያ ባለ አንድ እጅ፣» አለች፣ «የተፈጨ እህል ዱቄት ይሆናል። የተፈጨ ውሃ ምን እንደሚሆን ይንገሩን።»

ተሳቀ። አጎቴ አብሮ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። አሰበና፣ «እውነትሽን ነው፣ አልለካሁትም» አላት። ልገድለው ደረስኩ።

ከዚያ የራሱን ፈተና ራሱ አቀረበ። በሴትዮዋ ማሳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ ጎን ለጎን ሁለት መደብ ይሠራ። ከአንድ ችግኝ ይተከል። አንዱን ከማሽኑ በላይ በተቀዳ፣ ሌላውን ከማሽኑ በታች በተቀዳ ውሃ፣ በጀሪካን እየለኩ እኩል ያጠጡት። በአርባኛው ቀን ይታይ። የውሃ አባቱ ተስማሙ። የታችኛውን ውሃ የሚጠጣው፣ የታችኛው የተባለው መደብ ካነሰ ቦዩ እሳቸው በሕይወት እስካሉ አይከፈትም አሉ። ጠባቂ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ቆመ፤ ከከሳሽ ራሷ ሴትዮዋ፣ ከአጎቴ ደግሞ እኔ።

እሷ ጀሪካኑን አፉ ድረስ ሞልታ፣ በጣቷ ጠርዙን ዳብሳ ነው የምታነሳው። እኔ ትንሽ ካጎደልኩ ታስመልሰኛለች። «አንተ ባለቅኔ፣ ስንኝ አይደለም ውሃ ነው፣ ቤት ባይመታም ይሙላ» ትለኛለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄድን። በዚህ መሃል የታችኛው መደብ አንድ ጥግ ቢጫ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ አምስት ቅጠል፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ቦታ። እሷ አየችው፣ ጎረቤት ጠርታ አሳየች፣ ወሬው ወንዙን ተሻገረ። አጎቴ መጥቶ ተንበረከከ፣ አፈሩን በጣቱ ጫረ፣ ትል ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ እንጠብቅ አለ። አንድ ሰው ሕይወቱ እየፈረሰ እንጠብቅ ይላል?

በወሩ የጊዮርጊስ ዕለት ሴትዮዋ ስለት ነበረባት። ጀሪካኖቹን እኔ ፊት አስቀመጠች።

«ሁለቱንም አጠጣልኝ፣ ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው» አለች።

«ብቻዬን?»

«አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው? እኩል አድርገህ ብቻ።»

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከእናቴ ጎተራ ሥር ለበቆሎ ከተገዛው ዩሪያ ማዳበሪያ የተረፈ ነበር። ሁለት እፍኝ ወስጄ በአንዱ ጀሪካን አሟሟሁና የታችኛውን መደብ አጠጣሁት። ለአጎቴ ስል ነው እያልኩ ነበር ለራሴ።

በሳምንቱ የመደቡ ቢጫ ጠፍቶ አረንጓዴው ጠቆረ። በሁለተኛው ሳምንት ከላይኛው በሁለት ጣት በለጠ። ሴትዮዋ ቀልዷን አቆመች። እየመጣች ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትሄዳለች። ሰውማ ወዲያው ዞረ። ኮረንቲ የነካው ውሃ ይባርካል ተባለ። ቦዩ በእኛም በኩል ይለፍ የሚሉ ወደ አጎቴ ሽማግሌ ላኩ። አንዱ ለታመመች ላሙ ሊቀዳ መጣ። አጎቴ ግን ደስ አላለውም። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አድርጎ አየና ዘወር ብሎ ጠየቀኝ።

«እኩል ነው ያጠጣችሁት?»

«እኩል ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

በአርባኛው ቀን ሰው ማሳው ዳር ተሰበሰበ። የውሃ አባቱ ነጠላቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው መደቦቹ መሃል ገቡ፣ ቅጠሉን በስንዝር ለኩ፣ ሦስት ሦስት ነቅለው የሽንኩርቱን ራስ በእጃቸው መዘኑ። የታቹ በልጧል አሉ። ከዚያ ከሳሽ ምን እንደምትል ጠየቁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ከማሳው ዳር አንድ ድንጋይ አነሳች፣ ማጅራቷ ላይ አደረገችው፣ አጎቴ እግር ሥር ሄዳ አቀረቀረች። በአገራችን በደልኩ ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ የተበደለው ድንጋዩን ከአንገቱ ካነሳለት ነገሩ ያልቃል። አንድ ቃል መናገር እንኳን አይጠበቅበትም። አጎቴ እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ማንሳት ብቻ ነበረበት፤ ውሃው የእሱ ነው።

አነሳው። ነገር ግን አልጣለውም፤ እንደያዘው ወደ ውሃ አባቱ ዞረ።

«አባቴ፣ ይህቺ ሴት አልበደለችኝም» አለ። «ይህ መደብ ውሸት ነው። ውሃዬ አይጎዳም ብዬ ነበር እንጂ ይጠቅማል አላልኩም። እኩል መሆን ነበረበት። ቅጠሉን እንዲህ የሚያጠቁር ማዳበሪያ ነው። የጨመረው ደግሞ ከእኔ ወገን ነው።»

ስሜን አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ከእሱ ወገን የቆመ ጠባቂ አንድ ብቻ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሄጄ ድንጋዩን ከአጎቴ እጅ ወሰድኩና ሴትዮዋ ፊት አቀረቀርኩ። ብዙ ቆየሁ። አላነሳችልኝም።

«አምኜህ ነበር ቅዳሴ የሄድኩት» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «እግዜር ፊት ቆሜ አንተን አምኜ።»

በመጨረሻ ድንጋዩን አውርድ ያሉኝ የውሃ አባቱ ናቸው፤ በእሷ ስም ግን አልነበረም። ከዚያ ፈረዱ። ክረምት ሳይገባ ገና አርባ ቀን ይደርሳል፤ ፈተናው በአዲስ መደብ እንደገና ይጀመር። እስከዚያ ማሽኑ ይቁም፤ ለጀሪካን የሚሆን ውሃ እስኪቀዳ ያህል ብቻ በቀን አንዴ ይዙር። ጠባቂዋ ከሳሿ ብቻ ትሆናለች። ከአጎቴ ወገን ማንም መደቡ አጠገብ አይደርስም። አጎቴ ይስማማ እንደሆን ሲጠይቁት፣ ጀሪካኑን እሷ በደንብ ትሞላለች አለ።

ያ አርባ ቀን ረጅም ነበር። አስራ ሁለቱ ቤቶች ወደ ኩራዝ ተመለሱ። ቀትር ላይ ውሃው ሲለቀቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል አምፖሎቹ በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ስልኩን ለመሰካት ይሯሯጣል፣ በመንገዱም እኔን የሚሰድበኝ ይሰድበኛል። አጎቴ አልሰደበኝም። ቡሬ ሄዶ ራዲዮ ሲጠግን ይውላል፣ ሲመለስ ይበላል፣ ይተኛል። ስለ መደቡ ማንንም አይጠይቅም። እኔ ግን ከኮረብታው ላይ ሆኜ ሴትዮዋን አያታለሁ። ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ብታጎድል፣ አንድ ጀሪካን ብትደፋ፣ የሚያያት የለም። የራሴን ሥራ ስለማውቅ ሌላ ሰው እንደማይሠራው ማመን አቃተኝ። ጎንበስ ባለች ቁጥር እጇን ነበር የማየው።

በአርባኛው ቀን ደመናው ከብዶ ነበር። የውሃ አባቱ አልለኩም፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። ለኪዋም እሷ ሆነች። በመደቦቹ መሃል ቀስ እያለች ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። አጎቴ እንኳን ግራ እጁን ከቀበቶው አውጥቶ ሁለቱንም እጆቹን ደረቱ ላይ አጥፏል።

«እኩል ነው» አለች።

አጎቴ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«በደንብ ለክተሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ምን ልሁንልዎት!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ውሃው ካልሆነ ታዲያ የእኔን ሽንኩርት ምን ነካው?»

«አላውቅም» አላት። «በሚመጣው በጋ አብረን እንፈልገው።»

የውሃ አባቱ ክፈቱ አሉ። የቦዩን መዝጊያ ጣውላ ማንሳትና ማውረድ ከተመለስኩ ወዲህ የእኔ ሥራ ነበር፤ እግሬ በልማድ ወደዚያው አመራ። አጎቴ በመዳፉ ደረቴን ነካ አድርጎ አቆመኝ። አልገፋኝም። ጣውላውን እንድታነሳ ሴትዮዋን ጠራት፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጠብቂው አላት።

ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ወደ ቦዩ ወረደች። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስለነበር እምቢ አላት፤ ማንም አላገዛትም፣ እሷም አልጠራችም። በሦስተኛው ስባ አወጣችው። ውሃው ገባ። እኔ ከሰዎቹ ጋር ዳር ቆሜ መዘውሩ ተንገጫግጮ ሲነሳ አየሁ።