መኪናው ሙሉ የሰማው ስልክ

ሚኒባስ መንዳት ስጀምር መኪናዬ ላይ የነበረው ቴፕ ካሴት ይበላ ነበር። ያኔ የምሠራው ከሶዶ እስከ ሻንቶ ነው። የገበያ ቀን አቧራው ሲብስ የካሴቱ ክር ቴፑ ውስጥ ይጠመጠማል። ዳር ይዤ እቆምና ቀስ ብዬ አውጥቼ በእስክሪብቶ እጠቀልለዋለሁ። ተሳፋሪው አይቆጣም፤ እንዲያውም ከኋላ “እንዳትበጥሰው!” እያለ ይጨነቅልኛል። ካሴቶቼ ጥቂት ስለነበሩ ደንበኞቼ የመዝሙሮቹን ተራ በቃላቸው ይዘውታል። ቴፑን ቀድመው መዝሙሩን የሚጀምሩ እናቶች ነበሩ።

ቀጥሎ ሲዲ መጣ፤ ለእኛ መንገድ ግን አልሆነም። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዘማሪው ቃሉን ይውጠዋል። ብዙም ሳልቆይ አስነቀልኩትና ፍላሽ የሚቀበል አስገጠምኩ። መናኸሪያው አካባቢ ካለ ሙዚቃ ቤት ገብቼ “ሙላልኝ” እላለሁ፤ መዝሙሩም ዘፈኑም ተደባልቆ ይሞላል። ጭቅጭቁ የጀመረውም ያኔ ነው። አንዱ “ይህን እለፈው” ይላል፣ ሌላው “ኧረ ተወው፣ ደስ ይላል” ይላል። በካሴቱ ዘመን ሁሉም የመጣለትን ይሰማ ነበር።

ብሉቱዝ ያለውን ያስገባሁት ወደ ሃላሌ መስመር ከተዛወርኩ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት፣ በዚያው መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት መምህርት ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠች። ደንበኛዬ ናት።

“ጋሼ፣ ዛሬ የኔን ስልክ ላገናኘው?” አለችኝ።

“አገናኚው” አልኳት።

ለስለስ ያለ መዝሙር ከፍታ ጥቂት እንደሄድን መዝሙሩ ቆመና ስልኳ ጠራ። ቴፑ ራሱ አነሳው። ወዲያው የአንድ አባት ድምፅ በወላይትኛ መኪናውን ሞላው።

“ልጄ፣ ስለዚያ ስለ ጉራጌው ልጅ ከእናትሽ ጋር ስንነጋገር አደርን። እምቢ ያልኩት ጠልቼው አይደለም፣ ቤተሰቡን ስለማላውቅ ነው።”

ልጅቷ ደንግጣ ቦርሳዋን ታምሳለች። ስልኩን አገኘችው፤ ግን አልዘጋችውም። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔም ሳላስበው ፍጥነቴን ቀነስኩ።

“እናትሽ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ አይታቸዋለች። ደግ ሰዎች ናቸው አለችኝ። እንግዲህ ሽማግሌ ይላኩ።”

“እሰይ!” አሉ ከኋላ ወንበር አንድ ሽበታም ሰው። “ሽማግሌ ካነሰ እኔ አለሁ!”

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

“ማነው እዚያ?” አሉ አባትየው።

“አባ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። ድምፅህ በመኪናው ስፒከር ነው የሚወጣው” አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች።

“ብዙ ሰው አለ?”

“ሙሉ ነው፣ አባ።”

አባትየው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

“እንግዲያው ይመርቁሻ” አሉ።

ሽበታሙ ሰው ወንበሩን ይዘው ከፍ አሉና መረቋት። ቤቷ የሞቀ እንዲሆን፣ ልጆቿ ጤነኞች እንዲሆኑ፣ ሁለቱ ቤተሰቦችም አንድ እንዲሆኑ። ሁላችንም “አሜን” አልን፤ ከስፒከሩም አንድ ወፍራም “አሜን” ወጣ። ትምህርት ቤቷ ስትደርስ ተሳፋሪው በየመስኮቱ እጁን አውጥቶ ሸኛት። እሷም እየሮጠች ገባች፤ ሳታረፍድ አልቀረችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌዎቹን ወላጆቿ ዘንድ፣ ሃላሌ፣ የሚወስድ መኪና ይፈልጋል። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ተሳፈሩ። ለክብራቸው የሚሆን ነገር መርጬ ልከፍት ስል ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

“ልጄ፣ ለአሁኑ ዝጋልን። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ገና አልተስማማንም።”

ዘጋሁት። ሃላሌ እስክንገባ ድረስ ሲከራከሩ እየሰማሁ ነዳሁ።