ከዜሮ በታች ሰባ ላይ

ያምሮት ስመኘው የቡሬ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ስታስተምር እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበርሁ። ስብሰባ ላይ «የሚቃወም?» ሲባል ሁላችንም ጫማችንን ስናይ የእሷ እጅ ብቻ ይወጣል። ያ ዘመን እጅ የሚወጣበት እንዳልነበረ የነበረ ያውቀዋል።

በ1999 ዓ.ም. ለማስተርስ ጥናቷ ሦስት ወር ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ተላከች። የምታጠናው በዱቄት መልክ ያለ ፔፕታይድ፣ ማለትም የፕሮቲን ቁራጭ ነበር። ዱቄቱ ሲያዩት የሞተ ይመስላል እንጂ ውስጡ መንቀጥቀጡን አያቆምም። ቴራኸርዝ የሚባል፣ ንዝረቱ ከሬዲዮ ሞገድ በላይ ከብርሃን በታች የሆነ ጨረር ታሳልፍበትና ምን ያህሉን እንደዋጠ ትለካለች። ከዚያ አሥር ዲግሪ ታቀዘቅዘዋለች፤ ደግማ ትለካለች። ደረቁ ዱቄት በቀዘቀዘ ቁጥር ቀስ እያለ ረጋ። ትንሽ እርጥበት ያለው ግን ከዜሮ በታች ሰባ ዲግሪ ላይ የግራፏ መስመር ድንገት ታጠፈ። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ውሃው ፔፕታይዱን ያፍታታዋል፣ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ አስሮ ይይዘዋል። ያምሮት ያገኘችው ይህን ነው።

ተመልሳ መመረቂያዋን ስትጽፍ ከቤተ ሙከራው ደብዳቤ መጣ፤ ግልባጩም ለዩኒቨርሲቲዋ። «ማስታወሻ ደብተርሽ መታጠፊያው ሦስት ሰዓት ላይ ተለካ ይላል። በዚያ ሰዓት በሩ ተቆልፎ ነበር። ውጤቱ የፈጠራ ነው» ይላል። ምረቃዋ ታገደ።

እኛ አገር ላለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰዓቷን በዚያ አገር ፀሐይ አስተካክላለች፤ የጻፈችው ግን እንደ ቡሬ ሰው፣ ጠዋት ሦስት ብላ ነው። እነሱ ለዚያ ሰዓት ዘጠኝ ነው የሚሉት፤ የእነሱ ሦስት ሰዓት ውድቅት ሌሊት ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ «ገጾቹን ቅደጂና በእነሱ ሰዓት ገልብጪ። ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ» አላት። እኔም ደገፍሁት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎም?» አለችኝ። «ይኸ ደብተር አልዋሸም። ገልብጬ ብጽፈው ነው ፈጠራ የሚሆነው!»

«ዲግሪሽን እኮ ነው የምታጪው» አላት ዶክተሩ።

«ይቅርብኝ። ያለዚያ ዲግሪ ኖሬያለሁ፤ ውሸታም ተብዬ ግን አልኖርም።»

ለቤተ ሙከራው ጻፈች፦ በየሰዓቱ ላይ ስድስት ደምሩ፤ ከማሽናችሁ መዝገብ ጋር አስተያዩት፤ ካላመናችሁ ዱቄቱን ራሳችሁ አርጥባችሁ ለኩት። ሁለት ወር መልስ ጠፋ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ትዕቢተኛ» የሚሏት ነበሩ፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሻይዋን ትጠጣለች። በእነዚያ ሰዎች ተናድጃለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ።

መልሱ ሲመጣ ተሰብስበን አነበብነው። ስድስት ሲደመር ሁሉም ገጥሟል። ራሳቸውም ለክተው መታጠፊያውን እዚያው ሰባ ላይ አግኝተውታል። «የሰዓቱ ችግር ስለተፈታ እንድትመረቂ ለዩኒቨርሲቲሽ ጽፈናል። ውጤቱንም በምርምር ጽሑፋችን ልናወጣው እንፈልጋለን» ይላል። እኛ እልል ልንል ምንም አልቀረንም።

ያምሮት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እዚያው ተቀምጣ ጻፈች፦ «ችግሩ የሰዓቱ አልነበረም። ውሸታም ያላችሁት እኔን ነው። ይቅርታ እስክትጠይቁኝ ድረስ የለካሁትን አታሳትሙም።»

«ኧረ ተይ፣ አሁን እንኳ...» ልል አፌን ከፈትሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

ፖስታውን ከእጇ ተቀብዬ እኔው ፖስታ ቤት ወሰድሁት።