አልቅቱና አንቱታዬ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን ለስድስተኛ ክፍል ልጆች የመስክ ትምህርት አዘጋጁና ከእኛ ክፍል ጥቂቶቻችንን አማካሪ አድርገው መረጡን። ሥራችን ልጆቹን መጠበቅ፣ ምሳቸውን ማብላት፣ ያኮረፈውን ማባበል ነበር። ለእኔ አምስት ደረሱኝ፤ ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች።

ከፍኖተ ሰላም ልንነሳ ስንል መምህሩ ልጆቹን አሰልፈው፣ «እነዚህ ታላላቆቻችሁ ናቸው። ልክ እንደ እኔ ታከብሯቸዋላችሁ» አሏቸው። ልጆቹ የተባሉትን እንዳለ ያዙት። ሚኒባሱ ቡሬ እስኪደርስ አንቱ ሲሉኝ ሄዱ። «እትዬ፣ መስኮቱን ይክፈቱልን።» «እትዬ፣ ቆሎ ይቅመሱ።» ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሜ እንኳ ውኃ አምጣ ብለው ጆሮ አይሰጠኝም። እዚያ ግን ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ፣ እንደ ትልቅ ሰው ዝግ ብዬ መመለስ ጀመርኩ።

ከቡሬ ወጣ ብለን በእግር ሄድን። ጥቅምት ስለነበር ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነው። ከማሳው ሥር ወንዝ አለ። የእኛ ሥራ ድንጋይ እያነሡ ሥሩ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ነጭ ሳህን ላይ ማድረግና ውኃው ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ከእነሱ መረዳት ነው። አራቱ ልጆች ጫማቸውን ጥለው ዘለው ገቡ። አምስተኛዋ፣ ከሁሉም ትንሿ፣ ዳር ላይ ቀረች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ እዚሁ ሆኜ እጽፋለሁ።»

«ለምን?»

«ውስጡ ያለውን አላውቀውማ።»

«እሱን ልናውቅ አይደል የመጣነው? እኔ ስገባ እይኝ» ብዬ ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቅልዬ ገባሁ። አልተከተለችኝም። እኛ የውኃ ተርብ እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ ጭራ ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች ስናገኝ እሷ ከዳር ሆና ትጽፋለች።

ወጥተን ሣሩ ላይ ስንቆም አንደኛው ልጅ ዝቅ ብሎ እግሬን አየ። «እትዬ፣ እግርዎ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ጥቁር አልቅት ተጣብቋል። ያብለጨልጫል። ጮኽኩ። አጮኻኼ ከወዲያ ማዶ የሚያርሰውን ሰው በሬዎቹን አስቁሞ እንዲያየን አደረገው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልጆቹ ከበቡኝና ሸንጎ ጀመሩ።

«ጨው ይነስነስበት።»

«ጨው ከየት ይመጣል? ትንባሆ ነው የሚሻለው።»

«ተዉት፣ ሲጠግብ ራሱ ይወርዳል» አለ ሌላው ልጅ። ይኼኔ ለቅሶዬ ባሰ።

ትንሿ ልጅ ደብተሯን አስቀምጣ መጣች። «ዝም በሉ!» አለቻቸው። አጠገቤ ተንበርክካ እግሬን ጭኗ ላይ አደረገችው። «አይዞሽ። አንቺ ወደዚያ፣ ኑጉን እይ።»

ኑጉን አየሁ። በጥፍሯ ከሥሩ ገባችና ቀስ አድርጋ አላቀቀችው። «በቃ፣ ወጣ።» ደሜ አልቆም ሲል የጸጉሯን ማሰሪያ ፈትታ አሰረችልኝ።

«ትፈሪ አልነበር እንዴ?» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

«አልቅትማ የላማችን አፍ ውስጥም ይገባል። እኔ የምፈራው እባብ ነው።»

መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «ምን አገኛችሁ?»

«አልቅት!»

«የት?»

አምስቱም እግሬን አመለከቱ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ይመዝገብ፤ የተገኘበት ቦታም ይጻፍ» አሉ። ልጅቷም ጻፈች፦ የተገኘበት ቦታ፣ እትዬ።

ከምሳ በኋላ የሰበሰብነውን ወደ ወንዙ ስንመልስ ልጅቷ አልቅቱ ያለበትን ሳህን ይዛ ቆመች። «ደሟን ይዞ ሊሄድ ነው?» አለች።

ያ ሲጠግብ ይወርዳል ያለው ልጅ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሥጋ ባይሆን የደም ዘመዷ ነው» አላት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔ ራሴ ሳህኑን ተቀብዬ ዘመዴን ወደ ውኃው ሸኘሁት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሌሎቹ ቡድኖች ልጆች አማካሪዎቻቸውን አንቱ እያሉ በጨዋነት ተቀምጠዋል። የእኔዎቹ ግን፣ «እትዬ ተጠጊልኝ»፣ «እትዬ እግርሽን አመመሽ?» እያሉ እላዬ ላይ ተደራረቡ። ከጎኔ የተቀመጠችው አማካሪ ጓደኛዬ፣ «ናቁሽ እኮ!» ብላ ሹክ አለችኝ። ልመልስላት ስል አንዷ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና እንዳትነቃ ብዬ ተውኩት።

ፍኖተ ሰላም ወላጆች በር ላይ ይጠብቁ ነበር። ትንሿ ልጅ እጄን ይዛ እየጎተተች እናቷ ዘንድ ወሰደችኝ። «እማ፣ እትዬ ማለት ይቺ ናት።»

እናቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄን ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ።

«እኔ ነኝ እንጂ የጠበቅኋት» አለች ልጅቷ።

«ኧረ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» ብለው ተቆጧት።

«እውነቷን ነው» አልኩ።

እናቷ ማናችንን እንደሚያምኑ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ሁለታችንንም ጉንጫችንን ሳሙን።