ፊደል የምታገዝፈው ሴት

በየገበያው ቀን መካነ ሰላም ወዳለው የባሲማ ኮምፒውተር ቤት የምትመጣ አንዲት ሴት አለች። ስሟን አትናገርም። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ለባሲማ ሰጥታ ትቀመጣለች። ያየችውን መዝግቦ የማያስቀረውን ድብቅ መስኮት ትከፍታለች። የገጹን ሥዕል ሁሉ ታጠፋለች፣ ፊደሉን ታገዝፋለች፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትጨርስ ሁሉን ትዘጋና፣ የቁርኣን ቤት ልጅ የሚጽፍበትን የእንጨት ሉሁን እንደሚያጥብ፣ የኮምፒውተሩን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

ባሲማ አላመነቻትም። አምና የእህቷን ልጅ አታሎ ወደ አረብ አገር የወሰዳት ደላላም እንዲህ ተደብቆ ነበር ኮምፒውተር የሚጠቀመው።

«እታለም፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስፈራሽ? ማሽኑ?»

«ማሽኑማ ይረሳልኛል» አለች ሴትዮዋ ሳትዞር። «ሰው ነው እንጂ።»

ዛሬ ፊደሉን ከወትሮው አብልጣ አገዘፈችው። ባሲማ ካለችበት ሆና፣ ሳትፈልግ አነበበችው፦ ባሏ የሚደበድባት ሴት የት ትጠለላለች?

ባሲማ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች፤ ሴትዮዋም ወልውላ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አሰላሙ አለይኩም። የኛዋ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ወአለይኩም ሰላም። የጤፍ ዋጋ ታያለቻ።»

«እሷ?» ሳቀ። «ፊደል መቼ ቆጠረችና!»

«እሱን አይበሉኝ» አለች ባሲማ፣ እሷም እየሳቀች። «አንብቢልኝ እያለች እኔን አይደል የምታደርቀኝ!»