አባባ የሚናፍቃት ተቀባይ

ዛሬ ከምሳ በኋላ እናቴ «እኔ ነኝ እኮ!» ስትል አባቴ የያዘው ብርጭቆ ሊያመልጠው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በደርግ ዘመን፣ እማማን ገና ሳያውቃት፣ ሊሙ ገነት ሲያስተምር አንድ የዲስኮ ሸክላ ነበረው። ወደ ጅማ ሲዘዋወር ጭነት መኪና ላይ ተሰበረበት።

ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። ዘፋኙ ግን ግድም አይሰጠው፤ የሚናፍቀው ከኋላ የምትቀበለውን ልጅ ነው። «እንደሷ ያለ ድምፅ ዳግም አይሰማም!» እያለ አሳደገን።

ዛሬ ወንድሜ ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ሳሎን ውስጥ ከፈተው። አባባ ዐይኑን ጨፍኖ «ስሟት! ስሟት!» ሲል ነው እማማ የተናገረችው። አዲስ አበባ ታይፕ ስትማር ሸክላውን የሚቀዱት ሰዎች ተቀባይ ጎድሏቸው ጠርተዋት ኖሯል።

«ዱጋ?» አለ አባባ፣ በኦሮምኛ «እውነት?» ማለቱ ነው። ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል።

እማማ ከዘፈኑ ጋር መቀበል ጀመረች። ወፈር ከማለቱ በቀር ድምፁ ያው ራሱ ነው!

«ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሷን እንዲህ ታደንቃለህ፤ እኔ ቸርች ስዘምር ግን ‹ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል› ትለኛለህ። እስቲ መቼ እንደምትነቃ ልይ ብዬ ነው።»

አባባ ተነሣና እጇን ያዘ፤ ከዚያ የቸርች ሽማግሌው አባቴ ሳሎን መሀል ዲስኮ ጨፈረ።

(ምእመናን ሆይ፣ ይህቺን እንዳላያችሁ እለፏት።)

የእናንተስ ወላጆች ምን ደብቀው አገኛችኋቸው? እስቲ አውጡት!