ስልክ የሌለበት ቀን

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ዕድሜያቸውን የገፉት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ነው። የልጃቸው የአብዱልባሲጥ ሥራ ግን ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባቸውም፤ ባዩት ቁጥር ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

ቅዳሜ ዕለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ ሲሉ አብዱልባሲጥ የሁለቱን ልጆቹን ስልክ ሰበሰበ። "ዛሬ ከአያታችሁ ጋር ብቻ ነው የምትጫወቱት!" አላቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ድሮ ፍሬን እምቢ ያለባቸውን ኩርባ እያሳዩ ወሬያቸውን ጀመሩ።

አብዱልባሲጥ መኪናውን ዳር አቆመና ሊቀርጻቸው ስልኩን ፊታቸው ላይ ደገነ። "አባባ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙት። ስልክ የሌለበት ቀናችንን ሰው ይይልን።"

ሐጂ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በገዛ አባቱ የሚነግድ ደላላ መሰላቸው።

"ወላሂ፣ የልጆቹን የቀማኸው ለአንተ ስልክ እንዲተውኑልህ ኖሯል!" አሉና ልጆቹን ይዘው ወረዱ። ቁልቁል የሚሄድ ሚኒባስ አስቁመው ተሳፈሩ። አብዱልባሲጥ ከኋላ ቢጣራም ዞረው አላዩትም።

"ከዚያስ አባባ? ፍሬኑ እምቢ ሲል ምን አደረጉ?" አለች የልጅ ልጃቸው ሱሀይላ።

"መኪናዋን ከተራራው ጋር እያፋጨሁ አቆምኳት" አሉ። የሚኒባሱ ሾፌር ሳይቀር ጆሮውን ሰጣቸው።